ገደሉ ታየ፤ ጀልባ ጎታቹስ?

(ስለ ኤትረታ መንደር የተሳሉና የተጻፉ ሥራዎች ሂሳዊ አስተያየት)

አንድ ቦታ በሥነ ጥበብ ሲታወቅ ዝናው የማን ነው? የቦታው ነው? የጠቢቡ ነው? ወይስ እዚያው ተወልዶ እዚያው የሚያረጀው ሰው? ይህ ጥያቄ በንባብ ክበባችን ደጋግሞ ይነሣል። እስካሁን የነበረው ክርክር ግን እንዲያው በደፈናው ነበር። አንዱ «ጥበብ ለውበት» ይላል፣ ሌላው «ጥበብ ለሕዝብ» ይላል፣ ሻዩ ይቀዘቅዛል፣ ሁሉም ወደየመኝታው ይበተናል። ከዚህ ደፈና ለመውጣት ስንል አንድ መንደር መረጥን፤ የሳሏትንና የጻፉላትን ሰዎች ሥራም አንድ ባንድ ተመለከትን። መንደሯ ኤትረታ ትባላለች። (ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

መንደሯና ድንጋይዋ

ኤትረታ በሰሜን ፈረንሳይ፣ በኖርማንዲ ጠረፍ፣ ከለ ሃቭር ወደብ በስተሰሜን የምትገኝ ትንሽ መንደር ናት። ዛሬ ነዋሪዎቿ 1,500 አይሞሉም። ከፊቷ ፈረንሳይንና እንግሊዝን የሚለየው ላ ማንሽ የተባለው ባሕር ተዘርግቷል። ግራና ቀኟን ደግሞ ነጭ ገደል ቆሞባታል። ገደሉ ጠመኔ ነው። አዎን፣ አንባቢ ሆይ፣ ጠመኔ! ጣታችንን የሚያነጣው የጥቁር ሰሌዳው ጠመኔ ዘመድ። ከ80 ሚሊዮን ከሚበልጡ ዓመታት በፊት በባሕር ውስጥ ይንሳፈፉ የነበሩ፣ በዓይን የማይታዩ ደቂቅ ፍጡራን ሲሞቱ ቅርፊታቸው ወደ ታች ይወርድ ነበር። በዚያ ላይ ሌላው፣ በሌላውም ላይ ሌላው ተከመረ፤ ተጠቅጥቆም ድንጋይ ሆነ። በነጩ መካከል እንደ ደብተር መስመር ተሰምሮ የሚታየው ጥቁር ነገር ባልጩት ነው። ባሕሩ ጠመኔውን ሲቦረቡረው ባልጩቱ እየተፈነቀለ ይወድቃል፣ በሞገድ እየተንከባለለም ይለሰልሳል። ስለዚህ የኤትረታ ዳርቻ አሸዋ አይደለም፤ ከእግር ሥር የሚንሸራተት ድብልብል ጠጠር ነው።

ይኸው ባሕር ገደሉን ፈልፍሎ ሦስት ቅስት በሮች አውጥቶበታል፤ ፖርት ዳሞን፣ ፖርት ዳቫልና ማንፖርት ይባላሉ። ከፖርት ዳቫል አጠገብ ደግሞ ከውኃው ውስጥ ብቻውን የቆመ፣ ቁመቱ ከ50 ሜትር የሚበልጥ ሹል ዐለት አለ። ስሙ «መርፌው» ነው። ሥዕል የሚወድ ሁሉ፣ ስሙን ባያውቀውም እንኳ፣ ይህን መርፌ አንድ ቀን በመጽሐፍ ወይም በግድግዳ ላይ አይቶታል።

አሁን ግን ማንም በግድግዳ ላይ የማያየውን ነገር እንናገር። ኤትረታ ወደብ የላትም። ይህን አንባቢ ልብ ይበልልን፤ ክርክራችን በሙሉ የቆመው እዚህ ላይ ነውና። ወደብ የሌለው ዓሣ አጥማጅ ከባሕር ሲመለስ ጀልባውን ውኃ ላይ አስሮ ወደ ቤቱ ሊሄድ አይችልም፤ ማዕበሉ በጠጠሩ ላይ ፈጥፍጦ ይሰብርበታል። ስለዚህ ጀልባዋ በየጊዜው ከውኃው ተጎትታ መውጣት አለባት። ከዳርቻው በቆመ የእንጨት ግንድ ላይ ገመድ ይጠመጠማል፤ ግንዱ አግድም የተሰኩ ረጃጅም እንጨቶች አሉት፤ ወንዱም ሴቱም እንጨቱን በደረታቸው እየገፉ ዙሪያውን ይዞራሉ፤ ግንዱ ይሽከረከራል፤ ጀልባዋም በጠጠሩ ላይ እየተንፋቀቀች ትወጣለች። ነገም እንደገና። ከነገ ወዲያም እንደገና።

አርጅታ ለባሕር የማትሆን ጀልባ እንኳ አትጣልም ነበር። ከዳርቻው ትቆምና የሣር ክዳን ይደረግላታል፤ መረብና ገመድ ማስቀመጫ ትሆናለች። እንዲህ ያለችውን ጎጆ ጀልባ «ካሎዥ» ይሏታል። ሴቶቹም የራሳቸው የባሕር ሰዓት ነበራቸው። ከመሬት በታች የሚሄድ ወንዝ ባሕሩ ሲሸሽ በጠጠሩ መካከል ጣፋጭ ውኃ ሆኖ ይወጣል። አጣቢዎቹ ጠጠሩን በእጃቸው ጎድጎድ አድርገው ልብስ ያጥባሉ፤ ባሕሩ ሲመለስ ጉድጓዳቸውን ይሞላባቸዋል፤ እነሱም ልብሳቸውን ይዘው ይነሣሉ። እንግዲህ ገደሉ፣ ጠጠሩና የባሕሩ መምጣትና መሄድ ለዚህ ሕዝብ «ዕይታ» አልነበረም። አሠሪው ነበር እንጂ።

በመስኮት የታየች ጀልባ

በ1830ዎቹ አልፎንስ ካር የተባለው ጸሐፊ ስለዚች መንደር እያወራና እየጻፈ ለፓሪስ ሰው አስተዋወቃት። ከዚያ በኋላ የሆነው የታወቀ ነው። ለመታጠብና ለመዝናናት ከተሜው ጎረፈ፤ በ1852 ካዚኖ ተሠራ፤ የሙዚቃ ደራሲው ኦፌንባክ ሳይቀር ቪላ አሠራ። ሠዓሊዎችም መጡ። ሁሉንም መቁጠር አያስፈልገንም፤ ሁለቱ ይበቁናል።

ጉስታቭ ኩርቤ በ1869 መጣ። «የኤትረታ ገደል ከማዕበሉ በኋላ» የተባለው ሥዕሉ በ1870 በፓሪሱ ትልቅ ኤግዚቢሽን ቀረበ። በሥዕሉ ላይ ገደሉ እንደ ግንብ ጠጣር ነው፤ ሰማዩ የታጠበ ነው፤ ከዳርቻው ላይ ጀልባዎች ወጥተው ተቀምጠዋል። ኩርቤ ድንጋይ ማለት ክብደት መሆኑን ያውቃል። ከዚህ ቀደም ብሎ፣ በ1849፣ ድንጋይ ፈላጮችን በትልቅ ሸራ ላይ ስሎ ያንን ዘመን ያስደነገጠ ሰው ነው። ታዲያ ለምንድን ነው ድንጋይ ፈላጩን ያየ ዓይን እዚህ ጀልባ ጎታቹን ያላነሣው? በ1849 የሳለው የትውልድ አገሩን ሰዎች ነበር። ኤትረታ ላይ ግን እንግዳ ነው፤ እንግዳ ደግሞ መጀመሪያ የሚያየው አገሩን ነው፣ ሰውን የሚያየው ሲቆይ ነው። ይህ የእኛ ግምት ነው፤ የተሻለ መልስ ያለው ይከራከረን።

ክሎድ ሞኔ ደግሞ ደጋግሞ ተመላልሷል። በ1868ና በ1869 መካከል በነበረው ክረምት እዚያ ኖሯል፤ በ1883፣ በ1885ና በ1886ም ተመልሷል። ማንፖርትን፣ መርፌውን፣ ዳቫልን በጧት፣ በቀትር፣ በዝናብ፣ በማዕበል ሳላቸው። ጊ ደ ሞፓሳን በ1886 በወጣ አንድ የጋዜጣ ጽሑፉ ይህን ሰው ሲሠራ እንዳየው ይተርካል። ሞኔ እንደ አዳኝ ነው ይለናል በሐሳቡ፤ የአንድን ነገር መልክ በልዩ ልዩ ሰዓት የያዙ አምስት ስድስት ሸራዎች ያስከትላል፤ ብርሃኑ ሲለወጥ አንዱን ትቶ ሌላውን ያነሣል። ሸራዎቹን የሚሸከሙለት ልጆች ናቸው።

ልጆች! የማን ልጆች? ማን ይባላሉ? ስንት ይከፈላቸዋል? ዛሬ በታላላቅ ቤተ መዘክሮች የተሰቀሉት እነዚያ ሸራዎች በጠባቡ የገደል መንገድ የወጡትና የወረዱት በእነዚህ ልጆች ክንድ ነው። በጽሑፉ ውስጥ ግን በግማሽ ዓረፍተ ነገር ብቅ ብለው ይጠፋሉ።

በ1885 ኅዳር ወር ሞኔ ከማንፖርት ሥር ተቀምጦ ሲስል የባሕሩን መመለሻ ሰዓት ሳተ። ሞገድ መጥቶ ከገደሉ ጋር አላተመው፤ ሸራውንና መደገፊያውን ነጠቀው፤ እሱ ግን በሕይወት ወጣ። ይህን የምናነሣው ለማላገጥ አይደለም። ሰዓት የሳተ ሠዓሊ ሸራ ያጣል፤ ሰዓት የሳተ ዓሣ አጥማጅ ምን ያጣ እንደነበር ግን ማሰብ ይገባል። ያው ገደል፣ ያው ባሕር፣ ግን ሂሳቡ ለሁለቱ አንድ አይደለም።

በዚሁ ዓመት አየሩ ሲከፋበት ሞኔ ካረፈበት ሆቴል መስኮት ወደ ታች እያየ ጀልባዎቹን ስሏል። ከሥዕሎቹ በአንዱ ላይ ሣር የለበሱት ካሎዦች በግልጽ ይታያሉ፤ በሌላው ጀልባዎቹ ወደ ባሕር ሲወጡ እናያለን። ስለዚህ ሞኔ ሥራውን አላየም ብንል ሐሰት ይሆናል። አይቷል። ነገር ግን ያየው በመስኮት ነው፣ ከላይ ወደ ታች ነው። ሰዎቹ ከዚያ ከፍታ ጠቃጠቆ ናቸው።

ይህን ባነበብንበት የክበባችን ስብሰባ አንድ ጓደኛችን ተቆጣ። «ምን ይሁን ነው የምትሉት? ሞኔ እኮ ሠዓሊ ነው፤ የዓሣ አጥማጆች ማኅበር ጸሐፊ ነው እንዴ? ብርሃን እንዲስል ተፈጠረ፣ ብርሃን ሳለ፣ አለቀ!» አለን። ተቃውሞው ቀላል አይደለም፤ በቀላሉም አናልፈውም። ከሞኔ በፊት «ገደሉ» አንድ ነገር ነበር፤ ከሞኔ በኋላ የስምንት ሰዓቱ ገደልና የአሥር ሰዓቱ ገደል አንድ እንዳልሆኑ ዓለም ሁሉ ተማረ። ይህ ዕውቀት ነው፤ ሰውን የሚያነቃ ዕውቀት። ሞኔን የምንወቅሰው ባልሳለው ነገር አይደለም። ወቀሳችን የእሱን ሥዕል አይቶ «ኤትረታን አወቅኋት» ለሚለው ተመልካች ነው። ብርሃኗን አውቀህ ይሆናል፤ እሷን ግን ገና አላወቅሃትም።

ባዶው መርፌ

ሥዕሉ ሰውን ጠቃጠቆ ካደረገው፣ ቀጥሎ የመጣው ልብ ወለድ ደግሞ ጭራሽ ድንጋዩንም ባዶ አደረገው። ሞሪስ ለብላን በ1909 ያወጣው «ባዶው መርፌ» የተባለው ልብ ወለድ የዝነኛው ጨዋ ሌባ የአርሰን ሉፓን ታሪክ ነው። ምሥጢሩን እየተከታተለ የሚፈታው ኢዚዶር ቦትርሌ የተባለ ተማሪ መሆኑ እኛን ተማሪዎችን ደስ ያሰኘናል፤ አንዳንዶቻችንም መጽሐፉን በአንድ ሌሊት ጨርሰነዋል። መርፌው ውስጡ ክፍት ነው ይላል ልብ ወለዱ። በውስጡ የፈረንሳይ ነገሥታት የሸሸጉት ሀብት አለ፤ ሉፓን የሰረቃቸው ታላላቅ ሥዕሎችም፣ እውነተኛይቱ ሞና ሊዛ ሳትቀር፣ እዚያው ተሰቅለዋል።

ሽምጥ የሚያስጋልብ ታሪክ ነው፤ ይህን አንክድም። የመርማሪ ልብ ወለድ ዓላማው ማንጠልጠል ነው፣ አንጠለጠለን። ይሁን እንጂ አንድ ነገር እናስተውል። እውነተኛው መርፌ ባዶ አይደለም፤ ቁጥር ስፍር በሌላቸው ፍጡራን ቅርፊት የተሞላ ነው። ደራሲው ይህን ሁሉ አስወጥቶ ወርቅ አስገባበት። ወርቁም፣ ሥዕሉም፣ ሌባውም ከውጭ የመጡ ናቸው። ከመንደሯ የሆነ፣ ከመንደሯ እጅ የወጣ አንድም ነገር በዚያ የሀብት ጎተራ ውስጥ አልተቀመጠም። የመረብ ቁራጭ እንኳ!

ነገሩ በመጽሐፍ ቢቀር ኖሮ ባልጻፍንበት። የለብላን ቤት ከ1999 ጀምሮ ሙዚየም ሆኗል። በ2021 ደግሞ ኦማር ሲ የተባለው ተዋናይ የተጫወተበት «ሉፓን» የተባለ ተከታታይ የቴሌቪዥን ፊልም ወጣ፤ የመጀመሪያው ክፍል ማሳረጊያ የሆነው እዚያው ኤትረታ ላይ ነው። እንግዳው ከቀድሞው ይበልጥ በረከተ። ጠባቡ የገደል መንገድ በሰው እግር እየተበላ ነው። ለማስታወሻ እያለ ጠጠር በኪሱ የሚከት ሰው ስለበዛ ጠጠር ማንሣት የተከለከለ ነው፤ ያ ጠጠር እኮ የሞገዱን ጉልበት እየሰበረ መንደሯን የሚጠብቃት አጥር ነው። ዛሬ ከዳርቻው የቆሙት ጥቂት ካሎዦች ዓሣ አጥማጅ አይጠቀምባቸውም፤ እንዲታዩ የቆሙ ናቸው። እንግዲህ አንድ ታሪክ የአንድን ቦታ ድንጋይ ባዶ ሲያደርግ፣ አንባቢው ባዶውን ለመሙላት በእግሩ ይመጣል ማለት ነው።

በስተሰሜን ካለው ገደል ራስ ላይ ሁለት ነገሮች ጎን ለጎን አሉ። አንደኛው ለመርከበኞች ጠባቂነት የተሰየመ ጸሎት ቤት ነው። ሌላው ለሁለት አብራሪዎች፣ ለኑንጄሴና ለኮሊ፣ የቆመ መታሰቢያ ነው። እነዚህ ሰዎች እ.ኤ.አ. ግንቦት 8 ቀን 1927 ከፓሪስ ወደ ኒው ዮርክ ሲበሩ በፈረንሳይ ምድር ለመጨረሻ ጊዜ የታዩት በኤትረታ ሰማይ ላይ ነበር፤ ከዚያ በኋላ ደብዛቸው ጠፋ። በጦርነቱ ጊዜ ጸሎት ቤቱም መታሰቢያውም ፈረሱ፤ ሁለቱም በኋላ እንደገና ተሠሩ። ለአብራሪዎቹ መታሰቢያ መቆሙን አንነቅፍም፤ ጀግኖች ናቸው። ግን በአንዲት ደቂቃ ከላይ ያለፈ ሰው ስሙ ሲቀረጽ፣ በየቀኑ ከታች ሲጎትት የኖረው ስሙ የት አለ?

ሥራ የያዘ ገደል

ሞፓሳንን ለመጨረሻ ያቆየነው ሆን ብለን ነው። ብዙዎቻችን ይህን ሰው የምናውቀው በአንገት ሐብሉ ታሪክ ብቻ ነው። ሰውየው ግን የኖርማንዲ ልጅ ነው። በ1850 ተወለደ፤ ልጅነቱን ከእናቱ ጋር ኤትረታ አሳለፈ፤ በ1883ም እዚያው ቤት አሠራ። የሠፈሩን ሰው አነጋገር ጠንቅቆ ያውቃል። እሱም ቢሆን የቪላ ሰው መሆኑን አንረሳም። ነገር ግን ገደሉን ከእንግዶቹ ሁሉ በተለየ መንገድ ተጠቅሞበታል።

«የጊይሞዎቹ ዐለት» የተባለችውን፣ በ1882 የወጣችውን አጭር ልብ ወለድ እንውሰድ። ጊይሞ የባሕር ወፍ ነው። በጸደይ ወራት ሊፈለፍል ይመጣና በኤትረታ አካባቢ ካለው ገደል ጠባብ ጠርዝ ላይ እንቁላሉን ያኖራል። በየዓመቱ የከተማ ባለጠጎች፣ ያረጁ አዳኞች፣ ወፉን ለመተኮስ በቀጠሮ ይሰባሰባሉ። ጎሕ ሳይቀድ መርከበኞቹ በጀልባ ይወስዷቸዋል። ከገደሉ ሥር ሆነው ሲጮኹ ወፉ እየበረገገ ወደ ባሕሩ ይወረወራል፤ እነሱም ይተኩሳሉ። አንዳንዷ እናት ግን አትነሣም። ጥይቱ በላይ በላዩ ይወርድባታል፣ ደሟ በነጩ ድንጋይ ላይ ይረጫል፣ እንቁላሏን ሳትለቅ ትሞታለች።

ከአዳኞቹ አንዱ ሙሴ ዳርኔል የሚባሉ ሰው ናቸው። በዚያ ዓመት እኒህ ሰው የመሄጃ ጉዳይ እንዳለባቸው እየተናገሩ ሁልጊዜ ይቆያሉ። ጉዳዩ በመጨረሻ ይገለጣል። ከሠረገላ ማቆሚያው ውስጥ ሬሳ አለ፤ የልጃቸው ባል ሬሳ። ሊቀብሩት ይዘውት ሲሄዱ የአደኑ ቀጠሮ እንዳያመልጣቸው መንገድ ቀይረው መጥተዋል። ጓደኞቻቸው ምን ይላሉ? ደንግጠው ይገስጿቸዋል? የለም። ሰውየው አንዴ ሞቷል፣ ጥቂት ቀን ቢጨምር ምን ይጎድልበታል ብለው ይመክራሉ። ዳርኔልም እፎይ ይላሉ፤ ቀብሩ ይተላለፋል፤ አደኑ ይቀጥላል።

ብዙ ሰው ይህችን ታሪክ ስለ ልማድ ጉልበት የምታሥቅ ቀልድ አድርጎ ያነባታል። እኛ ግን ቀልዱን ያቆመው ገደሉ ነው እንላለን። ከአንዱ ወገን በጠባብ ጠርዝ ላይ ቁጭ ብላ የራሷን የማትለቅ ወፍ አለች፤ ከሌላው ወገን የራሱን ሬሳ ጋጣ ውስጥ ትቶ ወፏን የሚተኩስ ጨዋ ሰው አለ። ሞፓሳን ሁለቱን ጎን ለጎን አስቀምጦ ዝም ይላል። «አያችሁ?» አይልም። ስብከት የለም። ጠርዙ ጠባብ ባይሆን፣ ድንጋዩ ነጭ ባይሆን፣ ገደሉ ለባሕሩ እንዲህ ቀጥ ብሎ ባይቆም፣ ታሪኩ የለም። እዚህ ገደሉ መጋረጃ አይደለም፤ ሥራ ይዟል። ትረካው በቀዛፊዎቹ ላይ አለመቆየቱን ግን እንደ ጉድለት እንቆጥረዋለን፤ ጨዋዎቹ ሲተኩሱ ቀዛፊው ምን ያስብ ነበር?

ይህን ጉድለት የሚሞላው ራሱ ሞፓሳን ነው፤ በ1884 በወጣችው «መመለስ» በተባለችው ታሪኩ። እዚህ የምንገባው ወደ አንድ የዓሣ አጥማጅ ቤት ነው። የመንደሩ ስም አይጠቀስም፤ ጠረፉ ግን ያው የኖርማንዲ ጠረፍ ነው። ማርቲን የተባለ መርከበኛ ከነመርከቡ ባሕር ገብቶ ቀረ። ሚስቱ ሁለት ሴት ልጆች ይዛ አሥር ዓመት ጠበቀች፤ ከዚያ ሌቬስክ የተባለውን ዓሣ አጥማጅ አገባች፤ ለእሱም ወለደች። አንድ ቀን አንድ የጎሰቆለ ሽማግሌ በቤቱ ዙሪያ ሲያንዣብብ ይውላል። ማርቲን ነው። አልሞተም።

ሌላ ደራሲ ቢሆን እዚህ ላይ ማዕበል ያስነሣ ነበር። ነጎድጓድ፣ እንባ፣ ቢላዋ! ሞፓሳን ግን ሁለቱን ባሎች ቁጭ አድርጎ ያነጋግራቸዋል። ልጆቹ የየማን እንደሆኑ ይቆጥራሉ። ስለ ሴትዮዋ ይነጋገራሉ። ማርቲን በሌላው ነገር ሁሉ ለመስማማት ዝግጁ ነው፤ ቤቱ ግን የአባቱ ነው፣ የተወለደበት ነው፣ ወረቀትም አለው። ሴትዮዋ በሽርጧ ታለቅሳለች። በመጨረሻ ነገሩን ለቄሱ ሊነግሩ ሁለቱ ወንዶች አብረው ይሄዳሉ፤ በመንገድ ላይ መጠጥ ቤት ጎራ ይላሉ፤ ባለ መጠጥ ቤቱ ማርቲንን ሲያይ ትናንት የተለየው ያህል በቀላሉ ይቀበለዋል።

በዚች ታሪክ ውስጥ ባሕሩ በጥቂት መስመር ብቻ ነው የሚገለጸው። ሆኖም ከየትኛውም የባሕር ሥዕል ይልቅ ባሕሩ እዚህ ውስጥ አለ። የቤቱን ባል የወሰደው እሱ ነው፣ የመለሰውም እሱ ነው፣ ሁለት ሰው በአንድ ጠረጴዛ ላይ ያስቀመጠውም እሱ ነው። ይህ ቤተሰብ ያለ ባሕሩ እንዲህ አይሆንም ነበር። አብዛኞቻችን ባሕርን የምናውቀው በመጽሐፍ ነው፤ ስለዚህ ባሕር ሲባል ሰማያዊና ሰፊ ነገር ይታየናል። «መመለስ»ን ያነበበ ግን ባሕር ማለት የሰው መቅረት እንደሆነ ይገባዋል። ለዚህ ደግሞ ባሕሩ አጠገብ መወለድ አያስፈልግም። ሰው የቀረበት ቤት ሁሉ ይገባዋል።

ለእኛ ብዕር

ታዲያ የኖርማንዲ ጠመኔ እኛን ምን አገባን? ያገባናል። በዚችው መጽሔታችን ያለፉትን ዕትሞች ገልብጣችሁ ስለ ገጠር የተጻፉትን ግጥሞች ተመልከቱ። ተራራው ጉም ለብሷል። መስኩ አረንጓዴ ነው። እረኛው ዋሽንት ይነፋል። እረኛው ስም የለውም! ዋሽንቱን ጨርሶ የት እንደሚሄድ፣ ከብቶቹ የማን እንደሆኑ፣ ራት ይኑረው አይኑረው አይታወቅም። ግጥሙ የተጻፈው ከአውቶቡስ መስኮት ነው። ሞኔ ከሆቴሉ መስኮት ቢያንስ ብርሃን ሰርቆ ወጥቷል፤ እኛ ከአውቶቡሱ መስኮት ምን ይዘን ወጣን? ገጣሚዎቻችን አይቆጡን፤ ወገን ወገኑን ካልነገረው ማን ይነግረዋል?

ተራራ አትግለጹ አላልንም። ስለ ድህነት ብቻ ጻፉም አላልንም፤ እሱም ሌላ መስኮት ሊሆን ይችላል። የምንለው ይኸን ነው፤ መልክዓ ምድር በጽሑፍ ውስጥ ሲገባ ሥራ ይያዝ። ዳገቱን ከጻፍን፣ እንስራ ያዘለችው ልጅ ዳገቱ ላይ ስንት ጊዜ እንደምታርፍ እንወቅ። ገደሉን ከጻፍን፣ ሬሳ ተሸካሚዎቹ በየት በኩል እንደሚዞሩ እንጠይቅ። ወንዙን ከጻፍን፣ ሲሞላ ማን ከማዶ እንደሚቀር እንናገር። የኤትረታ ሰው ከወደብ ማጣቱ የተነሣ ጀልባውን ሲጎትት እንደኖረ ሁሉ፣ የእኛም ሰው ከመሬቱ ቅርጽ የተነሣ የሚጎትተው ነገር አለው። ያንን ያገኘ ጸሐፊ ውበቱን አያጣም፤ ወፏ የሞተችበት ነጭ ድንጋይ ከማንኛውም የፖስታ ካርድ ገደል ይልቅ በዓይን ላይ ይቀራልና።

መነሻችን ዝናው የማን ነው የሚል ጥያቄ ነበር። እስካሁን ባየነው ዝናው ለገደሉና ለሠዓሊው ተከፋፍሏል፤ ሌባው እንኳ ድርሻውን ወስዷል። የጀልባ ጎታቹ ድርሻ ገና አልተሰጠም። ሞፓሳን በሁለት ትናንሽ ታሪኮች ቀብድ ከፍሎለታል፤ ቀሪው ዕዳ ነው። ዕዳው የፈረንሳዮች ብቻ እንዳይመስለን።

በዚህ ሐሳብ የማይስማማ፣ በተለይ ስለ ሞኔ የተቆጣው ጓደኛችን፣ ብዕሩን ያንሣ። የሚቀጥለው ዕትም ገጽ ክፍት ነው።